መጋረጃውን ገልጦ የገባው

ሞላ የቪዲዮ ቤቱን የጓሮ መጋረጃ ገልጦ፣ ፊቱ ደም ለብሶ፣ እጆቹን ዘርግቶ ሲገባ ያልጮኸ ሰው አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ላይ ሙታን በር እየሰበሩ ነበራ! ገበያተኛው «ወጡብን!» እያለ አግዳሚውን ረጋግጦ ፈረጠጠ። አስተርጓሚዋ ፈርሂያም ማይኩን ጥላ ሮጠች። «ፈርሂያ… ፈርሂያ…» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። ሰው ልብ ገዝቶ ሲመለስ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሞላ ተደፍቶ ሞቷል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መካነ ሰላም ከተማ ፈረደች፤ ሟች ገዳይቱን በስሟ ጠራ ተባለ። ፈርሂያ ከጅዳ የተመለሰችው ዓምና ነው፤ አረብኛውን ድራማ ለተመልካች በማይክ እየተረጎመች ትኖራለች። ልጇን አንዴ ጥላት ሄዳለች፤ አሁን ደግሞ እስር ቤት ልትገባባት ነው።

ኢንስፔክተር ሐረግ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። «ሞላ ከመግባቱ በፊት ሥራሽን አቋርጠሽ ወደ ውጭ የወጣሽው ለምንድን ነው?»

«ፊቴን ልታጠብ ነው፣ ወላሂ! አልቅሼ ነበር።»

«ምን አስለቀሰሽ?»

ፈርሂያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ድራማው ላይ ያለው ሽማግሌ በሩን ዘግቶ፣ ‹ተነክሻለሁ፣ ከነቤቱ አቃጥሉኝ› ነበር ያለው። እናቶች ፊቴ ተደርድረው አፌ እምቢ አለኝ። ‹ደህና ነኝ፣ ውሃ ፈልጉልኝ› አለ ብዬ ተረጎምኩ። እባክዎ አይንገሩብኝ፣ እንጀራዬ ነው!»

ሐረግ ፈገግ አለች። «ለጊዜው ዝም በይ።»

ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟች ሚስት መሰረት ድራማው ሲታይ በር ላይ ነበረች። ሴቶችን በበረሃ ወደ አረብ አገር የሚያሻግረው ደላላ ታደለ ደግሞ «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የኋላ አግዳሚ ላይ ነበርኩ» ብሏል። ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም።

«ሽማግሌው ከበሩ ጀርባ ምን አለ?» ስትል ሐረግ ጠየቀች።

«ደህና ነኝ፣ ውሃ ፈልጉልኝ» አለች መሰረት። ከብት ነጋዴው ዓባይነህም ያንኑ ደገመ።

«ተነክሻለሁ፣ አቃጥሉኝ ነው እንጂ!» አለ ታደለ። «አንጀት ይበላል።»

ፈርሂያ ቀና ብላ አየችው።

«አረብኛ ትችላለህ?» አለችው ሐረግ።

«እኔ? አንዲት ቃል አላውቅም!»

«ፈርሂያ፣ ንገሪያቸው።»

ፈርሂያ ቃሉን ቀይራ መተርጎሟን ተናገረች። ሐረግ ወደ ታደለ ዞረች። «እዚህ ቤት ያንን የሰማ የለም፤ አንተ ያኔ ውጭ ነበርክ። አንተ ከየት አመጣኸው?»

«ዲስኩን ከደሴ ያመጣው እሱ ነው!» ስትል መሰረት ጮኸች። «እዚያው በአስተርጓሚ አይቸዋለሁ ብሎናል። እህቴን በረሃ ላይ ጥሏት ሞተች፤ ሞላ ነገ ሊከሰው ነበር!»

«እጅህን አሳየኝ» አለች ሐረግ። መዳፉ ገና ውሃ በቋጠረ ቃጠሎ ተልጧል። «ሞላ የተመታው ጓሮ ባለው ጄኔሬተር አጠገብ፣ በማስነሻው ብረት ነው። ብረቱን ከጋለው ጭስ ማውጫ ሥር ስትደብቅ ተቃጠልክ። ሕዝቡ በድራማው ሲጮህ የሞላን ጩኸት ማን ይለየዋል? ፊልሙን ስለምታውቀው ያን ሰዓት መረጥክ።»

ታደለ አንገቱን ደፋ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ፤ ሴቶቹም ፈርሂያን እያቀፉ «እንኳን ነፃ ወጣሽ» አሏት።

እሷ ግን አልቀለላትም። «እትዬ፣ ታዲያ ስሜን ለምን ጠራው?»

«ቅርቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አድኚኝ ሊልሽ ነው።»

«ደሙን ባስርለት ይተርፍ ነበር?»

«ሐኪሙ እንደዚያ ይላል» አለች ሐረግ ቀስ ብላ።

ፈርሂያ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ወይኔ ሞላ!» አለች ፊቷን ይዛ፣ «ሰው መሆንህ ጠፍቶኝ ሮጥኩብህ!»