ወንድሜ የጠበቀው መልስ

ማመን ያቃተው እዚህ ጋ ያቁም፤ ለመሐላ ጊዜ የለኝም። በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ውጪ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ቦታው ከልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ስቱዲዮ። ግድግዳዋ በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ... የገዛ ትንፋሽ የሚጠፋባት።

እኔና ታናሽ ወንድሜ የባላገር ዘፈን አብረን ስንዘፍን ነው ያረጀነው። እሱ ያወጣል፣ እኔ እቀበላለሁ። ሕጋችን አንድ ነው፤ እኔ ሳልቀበል እሱ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

አልበም ልናወጣ አስር ዘፈን መረጥን። ልንጀምር ስንል ወንድሜ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ «እህቴን ዘፈን ያስለመድኳት እኔ ነኝ» አለ።

ንፍጡን መጥረግ ሳይችል ያስለመድኩት እኔ!

አኮረፍኩ። ሰላምታውንም አልመልስ አልኩ። ስምንት ወር ሙሉ።

በመሃል ታመመ። የስቱዲዮው ባለቤት የሆነው ቀጂ ማይክ ይዞ አልጋው ድረስ ሄዶ የእሱን ድርሻ ቀዳ። በየስንኙ መሃል ለእኔ ክፍት ቦታ እየተወ ዘፈነ። «ትመጣለች፤ ኩርፊያዋን አውቀዋለሁ» ብሎ።

አልመጣሁም።

ሞተ።

ያን ሐሙስ የሄድኩት ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ ነው።

«እማማ፣ ይሄን ማዳመጫ ጆሮዎ ላይ ያድርጉት» አለኝ ቀጂው።

«እንደ በቅሎ ልትለጉመኝ ነው?»

ዘጠኙን ዘፈን ያለ እንከን ተቀበልኩ። እንባዬ በአገጬ ቢወርድም ድምፄ አልተሰበረም፤ እኔ እንደ ዛሬ ዘፋኞች አይደለሁም።

አስረኛው የስንብት ዘፈን ነው። እሱ፣ «መሸብኝ እህቴ፣ ልሂድ ወይ?» ይላል። እኔ፣ «ሂድ በደህና» እላለሁ።

«...ልሂድ ወይ?» አለ።

አልተቀበልኩም።

እሱም ወደሚቀጥለው ስንኝ አልተሻገረም...

ቀጂው ስክሪኑን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማማ...» አለ በሹክሹክታ። «እዚህ ጋ የተዉልዎ ስድስት ሰከንድ ብቻ ነው።»

«እና?»

«ሁለት ደቂቃ አለፈ።»

በማዳመጫው ውስጥ ይተነፍሳል። ከዚያ ሳል... የታማሚ፣ የአልጋ ሳል።

«ላጥፋው?»

«ብትነካው እጅህን ነው የምቆርጠው!»

«ልሂድ ወይ?» አለ እንደገና። አሁን ዜማ የለውም። ደክሞታል።

ያኔ ገባኝ። ካልመለስኩለት አይሄድም። እዚያው አልጋ ላይ፣ እዚያው ሳል ውስጥ... በሕይወቱ እንዳስጠበቅኩት ሞቶም ሊጠብቀኝ ነው።

ብመልስለት ደግሞ ዳግመኛ ላጣው ነው።

አስራ አንድ ደቂቃ አስጠበቅኩት። ኩራት አልነበረም። ትንፋሹን ትንሽ ልስማው ብዬ ነው።

ሳሉ ባሰ።

«እማማ፣ ስለ እግዜር...» አለ ቀጂው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእናቴ ልጅ» አልኩ። «ሂድ በደህና።»

አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ባዶ እግር ወለል ነካ። ኮቴው ከቀኝ ጆሮዬ ወደ ግራ ጆሮዬ አለፈ።

ቀጂው ከወንበሩ ተነሳ። የራሱን ማዳመጫ አወለቀ።

«በአንድ ማይክ ነው የቀዳሁት... ድምፅ ከጆሮ ጆሮ ሊሄድ አይችልም። ደግሞ እሳቸው... ያኔ መቆም አይችሉም ነበር።»

አልበሙ ወጣ። ሰው ወደደው። የመጨረሻው ዘፈን እኔ «በደህና» ባልኩበት ተቆርጦ ነው የወጣው።

ዋናው ቅጂ ግን ስቱዲዮው ውስጥ አለ። አላልቅ ብሏል። በየቀኑ ይረዝማል ይላል ቀጂው... ኮቴው እየራቀ፣ እየራቀ።

ባለፈው ወር ሄጄ አዳመጥኩ።

የሁለት ሰው ኮቴ ሆኗል።

አንዱ የእሱ ነው፣ መቼም አይጠፋኝም። ሌላው ግራ እግሩን ይጎትታል...

የማን እንደሆነ ያን ቀን አላወቅኩም።

የእኔ ግራ እግር መጎተት የጀመረው ሰኞ ዕለት ነው።