መጨረሻውን የተናገረ ኦቾሎኒ ይቆላል

ይህ በእኛው ግቢ፣ በገዛ እናቴ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ በሉ... ደብተሩ እጄ ላይ አለ።

ያለፈው እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጋና፣ ሆ ከተማ፣ የእማማ አፌፋ ግቢ።

እማማ አፌፋ አከራያችን ናቸው። ስድስት ቤተሰብ የምንኖርበት ግቢ ውስጥ ደህና ቴሌቪዥን ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። እሁድ እሁድ በረንዳው ላይ ያወጡትና ሁላችንም አንድ ፊልም እናያለን።

ደብተሩን የጀመርኩት ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ጭቅጭቅ ቢሰለቸኝ። አንዱ "አይተነዋል" ይላል፣ ሌላው "አላየነውም" ይላል። ስለዚህ የፊልሙን ስም፣ ቀኑን፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ከአምስት ስንት እንደሰጠሁት እጽፋለሁ።

የመጨረሻው ዓምድ በቀይ ነው። የፊልሙን መጨረሻ አስቀድሞ የተናገረ ሰው እዚያ ይገባል። ቅጣቱ፣ ለሚቀጥለው እሁድ ለሁሉም ሰው ኦቾሎኒ ቆልቶ መምጣት።

እናቴን የሚያህል በቀይ የተጻፈ የለም። ፊልም ካየች አፏ አያርፍም።

የዚያን ቀን ፊልሙ ገና እንደጀመረ ጋሼ ሴሎርም ተነሳ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሳይከራከር አይውልም።

"ይቺን ሙሽራዋ የምትጠፋባትን አይተናታል!"

"አላየናትም ጋሼ።"

"አንቺ ሴናም፣ ደብተርሽን ግለጪያ! ለጌጥ ነው የያዝሽው?"

እናቴ ከኋላ ካለው አግዳሚ ሳቀች። "እኔ ግን እህቴ ቤት አይቻታለሁ። መጨረሻዋን ብነግራችሁ..."

"እማዬ!" ሁላችንም ጮህን።

እኔ ወደ ኋላ እየገለጥኩ መፈለግ ጀመርኩ። ፊልሟን አላገኘኋትም። ሌላ ነገር ግን አገኘሁ።

በቀይ... "ጋሼ አግቤኮ። ለእንግዳዋ ነገራት።"

በሚቀጥለው እሁድ... "ኦቾሎኒ የለም።"

ፈገግ አልኩ። ወዲያው ግን ትዝ አለኝ። ጎረቤታችን ጋሼ አግቤኮ የሞተው በዚያው ሳምንት ነው። ወባ ነው ተብሎ ነበር።

ገለጥኩ።

"እትዬ ኤኞናም። ለእንግዳዋ ነገረቻት።" በሚቀጥለው እሁድ... "ኦቾሎኒ የለም።" እሷን መኪና ነው የገጫት።

"ማዉሊ። ለእንግዳዋ ነገራት።"

"ኦቾሎኒ የለም።"

ማዉሊ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ተኝቶ አልነቃም።

ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ... በዓመት በሁለት ዓመት ልዩነት ስለሆነ አንዴም አላያያዝኳቸውም።

እንግዳዋን ግን አስታወስኳት። ቡናማ ሻሽ ታስራለች። ኦቾሎኒ ሲዞር ትቆነጥራለች፤ ግን ቀዩን ስስ ልጣጭ ትበላና ፍሬውን ትተወዋለች። ከሄደች በኋላ የተላጡ ፍሬዎች በረድፍ ተደርድረው እናገኛለን። ጥርስ የላትም ብለን ስቀን ነበር።

ወደ እማማ አፌፋ ጆሮ ጠጋ አልኩ።

"እማማ... ያቺ ባለ ቡናማ ሻሽ እንግዳዎ ማን ነበረች?"

"የኔ? የሴሎርም አክስት አይደለችም እንዴ?"

ጋሼ ሴሎርም ዞረ። "ኧረ የኔ አይደለችም! የሴናም እናት ዘመድ መስላኝ ነው ቦታ የለቀቅኩላት።"

"መቼ?" አልኩት።

"አሁን ነዋ።"

ዞር አልኩ።

እናቴ አጠገብ ተቀምጣለች። ቡናማ ሻሽ... እጆቿ ጭኗ ላይ... ፊቷ ወደ ቴሌቪዥኑ አይደለም። ወደ እናቴ ነው።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እናቴ ደስ ብሏት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች።

ደብተሩን ጥዬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። ሶኬቱን ነቀልኩት።

በረንዳው ተንጫጫ። "ምን ሆነሻል አንቺ!" "አብዳለች እንዴ!"

ሰውን እየረገጥኩ እናቴ ጋ ደረስኩ። አግዳሚው ላይ ብቻዋን ነበረች። አጠገቧ የተላጡ ፍሬዎች... በረድፍ።

"ነገርሻት?"

"ማንን?... እ፣ ሴትዮዋን? የት ሄደች?" ግራና ቀኝ አየች። "ግማሹን እንኳ ሳልነግራት አጠፋሽብኝ!"

ግማሹን።

ቤት ገብተን ቀይ መስመሮቹን አሳየኋት። ሳቀችብኝ። "ሞት ኦቾሎኒ እየቆጠረ ነው እንዴ የሚመጣው?" አለች። እግሯ ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ ስታይ ግን አነሳችኝ።

"እሺ ልጄ። ዳግመኛ ብትጠይቀኝ አልነግራትም። ይኸው ማልኩልሽ።"

አመንኳት። ሰኞ ደህና ነበረች። ማክሰኞም። ረቡዕም።

ይህን የምጽፍላችሁ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እናቴ አቦሎዋን ሸጣ ከመናኸሪያ ከተመለሰች አንድ ሰዓት አልሞላም። የበቆሎ ዳቦው የነበረበትን ሳህን ከራሷ ላይ ስታወርደው ሙሉ ነበር።

ጥሬ ኦቾሎኒ።

"እማዬ... ይሄ ምንድን ነው?"

ዓይኔን ማየት አልቻለችም።

"ያቺ ሴትዮ መጥታ ነበር። አቦሎ ልትገዛ። 'ከዚያስ?' አለችኝ... ሌላ ምንም አላለችም። ገበያተኛው ተሰልፏል፣ እሷ አትሄድም። 'ከዚያስ?'... እኔ እንጃ ሴናም፣ አላስቻለኝም።"

"ምኑን ነገርሻት?"

"ሁሉንም።"

ሳህኑን ገፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ።

"አታልቅሺ እንጂ!" አለች፤ ድምጿ ግን የራሷ አይመስልም። "ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ዘንድሮ እንኳ ኦቾሎኒው አይቀርም። በቀይ ጻፊኝ።"

አልጻፍኳትም። ደብተሩ ፊቴ ተዘርግቷል፤ ቀዩን እስክሪብቶ ጉድጓድ መጸዳጃው ውስጥ ጥዬዋለሁ። ካልጻፍኩት ምናልባት... እኔ እንጃ። እናቴ ናት። ሌላ ማን አለኝ?

በመስኮቱ እያየኋት ነው። ግቢው መሀል ምጣድ ጥዳ ኦቾሎኒውን በአሸዋ ትቆላለች። ብቻዋን ናት። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል... አንዳንዴም ፈገግ ትላለች።

አጠገቧ ባዶ በርጩማ አለ። ማን እንዳወጣው አላውቅም።

በርጩማው ላይ የተላጡ ጥሬ ፍሬዎች በረድፍ ተደርድረዋል።

ይህን መጻፍ ስጀምር አራት ነበሩ።

አሁን ዘጠኝ ሆነዋል።