ዱቄት ያልነካው ደጃፍ

ሴንጎዳን ከኦቾሎኒው ማሳ ዳር በጀርባው ተዘርግቷል። ዶማው አጠገቡ ወድቋል፤ መዳፉ ላይ ሽቦው የለበለበው ጥቁር መስመር ይታያል። ኢንስፔክተር ታማራይ ጎንበስ ብላ አየችውና ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። ጡረታ ልትወጣ ሦስት ወር ቀርቷታል። ለከርከሮ ተብሎ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሞተ ሰው ስታነሣ በዚህ ዓመት ብቻ አራተኛዋ ነው፤ ሰልችቷታል።

ተጠርጣሪ ፍለጋም አልደከመችም። የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቺሙቱ እጁን ለካቴና ዘርግቶ ጠበቃት። ማታ ሽቦውን ያገናኘሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬ የመስኖው ውሃ ተራ የእኔ ስለሆነ ሌላ ሰው አይገባም ብዬ ነው፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ሆኜ አጠፋሁት አላት። ሬሳውን ያገኘው ጎረቤት ካሩፓናን ደግሞ ፍርዱን ቸኩሎ ሰጠ።

«አደጋ ነው እመቤቴ። ወንድም ወንድሙን እንደ ከርከሮ አያጠምድም።»

ታማራይ ግን ወንድማቸውን ያጠመዱ ብዙ ወንድሞች አይታለች። ሽቦ የዘረጋ ሰው፣ ሰው ሊሞትበት እንደሚችል ያውቃል፤ ይህ ሰውን ለሞት ማድረስ ነው፣ ቢበዛ አሥር ዓመት። እገሌ ይሙት ብሎ ከሆነ ግን ግድያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ገመድ። ስለዚህ የናቺሙቱ ዕጣ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል፦ ወንድሙ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም?

የሟቹን ሚስት ፖናታን ጠየቀቻት። ሁለቱ ወንድማማቾች ጉድጓዱን በቀን ተራ ይካፈሉታል፤ ታዲያ ባሏ በሰው ተራ ዶማ ይዞ ምን ሊያደርግ ሄደ?

«ትናንት ማታ ከታላቅየው ቤት መልእክት ተልኮልን ነው። የነገው ተራ ለእናንተ ይሁን ተባልን» አለች ፖናታ። መልእክተኛውን ግን አላየችም፤ ላም ስታልብ ስለነበር የተቀበለው ባሏ ነው።

ነገሩ ሁሉ ናቺሙቱ ላይ ተከመረ። ታማራይ ሴቶች በየንጋቱ በሩዝ ዱቄት ጌጥ የሚስሉባቸውን የመንደሩን ደጃፎች አንድ በአንድ እያየች ተመለሰችና ናቺሙቱን፣ ፖናታንና ካሩፓናንን በናቺሙቱ ግቢ ሰበሰበቻቸው፤ የናቺሙቱ ሚስት ቫሊያማል ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች።

«ዛሬ በዚህ ሰፈር በሩዝ ዱቄት ያልተሳለ ደጃፍ አለ?» አለች።

«የለም፤ የሟቹ እንኳ ተስሏል» አለ ካሩፓናን።

«ፖናታ ባሏ ያለ መስሏት ሣለችው። የሞት ቤት ደጃፍ አይሳልም። ይኼ የቆምንበት ግን ተጠርጓል፣ ውሃ ተረጭቷል፣ ዱቄት አልነካውም። ደጃፍ የሚሳለው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ሬሳው የተገኘው አንድ ሰዓት ላይ። ቫሊያማል፣ ሬሳ ሳይገኝ የማንን ሐዘን ያዝሽ?»



«ደጃፉ ላይ ውሃ ስረጭ ሲጮህ ሰማሁት» አለች ቫሊያማል።

«የሽቦው ማጥፊያ እዚሁ ምሰሶው ላይ፣ ከራስሽ በላይ ነው። ባልሽ እስኪያጠፋው ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደበራ ተውሽው። መልእክቱን የላከው ባልሽ ቢሆን ኖሮ፣ ፖናታ እንደምታጋልጠው እያወቀ ተራው የእኔ ነበር አይለኝም፤ ወንድሙ ለመስኖ ሥራ መምጣቱን የሚመሰክረውን ዶማም ይደብቀው ነበር። ተራው መለወጡን አያውቅም። መልእክቱን ያደረስሽው አንቺ ነሽ።»

«ሴንጎዳን ሁለት በጋ በተራዬ ቦዩን እየሰበረ ቡቃያዬን በጥም ፈጀብኝ። ስንቴ ለመንኩት።»

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ናቺሙቱ ሽቦውን በየማታው ሲያውሳት ኖሯል። አሁን ሚስቱን አፍጥጦ ያያታል። አንድ ሽቦ፣ ሁለት ወንጀል።

«ለእኔ ስንት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ቢበዛ አሥር።»

«ለእሷስ?»

«ዕድሜ ልክ ወይም ገመድ።»

«እንግዲያው የላኳት እኔ ነኝ ብለው ይጻፉ።»

«የእሷን አይቀንስላትም። ያንተን ቅጣት ከእሷ እኩል ያደርሰዋል እንጂ።»

«አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ አሥሩን ጨርሼ ማን ወዳለበት ቤት ልመለስ?»

ቫሊያማል ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ይዋሻል» አለች። «ይህ ሰው እዚህ ሂጂ፣ ይህን በዪ ብሎ አዞኝ አያውቅም። የእሱን ጥፋት ለብቻው ይጻፉለት።»

ታማራይ ደክሟታል፤ አዘነችለትም። የእሱን ለብቻው ጻፈችው።