የእትዬ ዓለሚቱ ፊት

ኢንስፔክተር ዘነቡ፣ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ወዳለው አዳራሽ ጓሮ ስትደርስ አስከሬኑ ነጠላ ለብሶ ጠበቃት። ነጠላውን ያለበሰችው ሴት አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ሳጅን ሁንዴሳ ደግሞ ካቴናውን አውጥቶ ቆሟል።

«ነገሩ ያለቀ ነው ኢንስፔክተር» አላት። «ሟች ራጉኤል ይባላል። የዛሬውን የአጫጭር ፊልም ምሽት ያዘጋጀው እሱ ነው፤ የመጨረሻው ፊልምም የራሱ ነው። አስተዋውቆት በጓሮ በር ወጣ። ከአሥራ ስምንት ደቂቃ በኋላ ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ እዚህ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ወደ ጓሮው በር ከሚያወጣው ደረጃ ነው የወደቀው።»

ሕንፃው ከተጀመረ ስንት ዓመቱ፣ ደረጃው ግን ዛሬም መደገፊያ የለውም።

«ሴትዮዋ ባለፈው ሳምንት ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ፊቴን ካሳየህ እገድልሃለሁ› ብላዋለች» ሲል ጨመረ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዘነቡ ግን በሃያ ዓመት ሥራዋ፣ እገድላለሁ ብሎ የፎከረ ሰው ገድሎ ያየችው ከስንት አንዴ ነው። ጎንበስ ብላ ነጠላውን ገለጠችው። የሟች ጃኬት እጅጌ ከትከሻው ተተርትሯል። አንድ ሰው ይዞት ነበር ማለት ነው።

«እትዬ፣ ማን ልበልዎ?»

«ዓለሚቱ። ጎፋ አትክልት እሸጣለሁ።» ድምፅዋ ደክሟል። «ያለኝ ዘመድ ልጄ ቸኮል ብቻ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ፎቅ ሲሠራ ወድቆ ሞተብኝ። ይኼ ልጅ ለቅሶ ቤት ድረስ ካሜራ ይዞ መጣ፤ አላባረርኩትም። በኋላ ግን እንባሽን ለሰው ሊያሳይ ነው ሲሉኝ አበድኩ፤ ‹አላሳይም› ብሎ ቃል ቢገባልኝም አላመንኩትም። እኔ ያለቀስኩት ለልጄ ነው። ለተመልካች ነው እንዴ?»

«ዛሬስ ለምን መጡ?»

«የፊልሙን ገመድ ልነቅል!» አለች ሳትደብቅ። «በጓሮ ስገባ ወድቆ አገኘሁት። ሰው መሬት ላይ ተዘርሮ እያየሁ ልለፈው? ነጠላዬን አለበስኩት።»

ሁንዴሳ በአፍንጫው ሳቀ። ዘነቡ ግን ሴትዮዋን አየቻት። ልጇን ከቀበረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሁን ደግሞ እስር ቤት ልትገባ ነው፤ ስንቅ የሚያቀብላት ዘመድ እንኳ የላትም።

አዳራሽ ውስጥ ሠላሳው ታዳሚ ጎን ለጎን ተቀምጦ ስላየ እርስ በርሱ ተመሰካከረ። የአዳራሹን ባለቤት አቶ መሐሙድንም ከመሃል ሆኖ ፕሮጀክተሩን ሲያንቀሳቅስ ሁሉም አይቶታል። ምስክር ያጡት ሁለት ናቸው። አንዷ ኤሌኒ ናት፤ ራጉኤል ፊልሟን ከዝግጅቱ ያስወጣባት ወጣት ዳይሬክተር።

«ተናድጄበት ነበር፣ አልዋሽም» አለች። «ብቻዬን በሩ ጋ ቆሜ ነው ያየሁት። መጨረሻው ላይ ጭልም ሲል መብራት የሄደ መስሎን ‹ኤጭ!› ብለን የስልካችንን ባትሪ አበራን። ከዚያ ድምፅ ሲመጣ አፍረን አጠፋን።»

ሌላው ደምሰው ነው፤ የራጉኤል አብሮ አደግና የፊልሙ ኤዲተር። ዓይኑ ቀልቷል። ልቅሶው የእውነት ነበር።

«ከኋላ መጋረጃው ጋ ቆሜ እስከ መጨረሻው አየሁት» አለ። «ሁለት ዓመት የለፋንበት ሥራ ነው፤ ለውጭ አገር ውድድር ተመርጧል። የእትዬ ዓለሚቱ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ እንባቸው ሲወርድ፣ አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም ነበር።»

ዘነቡ ወደ መሐሙድ ዞረች። «ፊልሙን መልሰው ያሳዩኝ።»

«እንዴ፣ አሁን?» አለ ሁንዴሳ። ዘነቡ ፊልም ሲከፈት አምስት ደቂቃ ሳትቆይ እንደምታንኮራፋ ያውቃል። ያን ዕለት ግን ዓይኗን አልከደነችም። ሲያልቅ ሦስቱንም ተጠርጣሪዎች አስጠራች።

«እኔ አላይም» አለች ዓለሚቱ።

«በእኔ ይሁንብዎ እትዬ። ይቀመጡ።» ከዚያም ፊት ለፊታቸው ቆመች። «በእትዬ ዓለሚቱ ልጀምር። ፊልሙን ለማስቆም ብለው ገድለው ቢሆን ኖሮ፣ ቀጥለው ደረጃውን ወጥተው ገመዱን ይነቅሉ ነበር። የሚከለክላቸው አልነበረም። ፊልሙ ግን እስከ መጨረሻው ታይቷል። ሟቹን እጅጌውን ይዞ የተሟገተው ሌላ ሰው ነው። አቶ መሐሙድ፣ መጨረሻውን ይክፈቱልን።»

ስክሪኑ ላይ ባዶ አልጋ ታየ። ቀጥሎ ሁሉም ነገር ጨለመ። ማንም ስልክ አላበራም። ከጨለማው ውስጥ የዓለሚቱ ድምፅ ብቻ መጣ፦ «ቸኮልዬ፣ በሩን እስካሁን አልቆልፈውም።»

መብራቱ በራ።

«ፊቴስ?» አለች ዓለሚቱ።

«የለም» አለ መሐሙድ። «ራጉኤል ጠዋት አዲስ ፍላሽ አመጣልኝ። ‹ቃል ገብቻለሁ፣ ይኼንን አሳይ። ለደምሰው ከዝግጅቱ በኋላ ራሴ እነግረዋለሁ› አለኝ።»

ዘነቡ ወደ ኤዲተሩ ሄደች። «ኤሌኒ ጨለማውን አይታለች፤ የስልኩን መብራት ሁሉ ነግራኛለች። አንተ ከኋላ ቆመህ ቢሆን ሠላሳ ስልክ ሲበራ ታይ ነበር። ያየኸው ግን ዛሬ ያልታየ እንባ ነው። የነገርከኝ ራስህ ያቀናበርከውን የቀድሞውን ፊልም ነው፤ የዛሬውን አላየኸውም። የት ነበርክ?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የደምሰው ውሸት ግን አንዲት ሌሊት እንኳ አላደረም።

«ደረጃው ላይ ‹ለውድድሩ የእትዬ ዓለሚቱን ፊት ከፊልሙ አውጥቼ ነው የምልከው› አለኝ» አለ ወለሉን እያየ። «የተመረጠው'ኮ በዚያ ፊት ነው! እዚህም እንደቀየረው አላወቅኩም። እጅጌውን ያዝኩት፤ ‹ልቀቀኝ› አለኝ። ገፋሁት። ገፋሁትና መልሼ ልይዘው ስል እጅጌው ተተርትሮ አመለጠኝ።»

«ለምን አልጮህክም?»

«ጭብጨባ ሰማሁ። ገባሁ።»

ሁንዴሳ ካቴናውን ይዞ ወደ እሱ ሄደ፤ ቀና ብሎ ዓለሚቱን ማየት ግን አልቻለም።

ጓሮ ውስጥ አስከሬኑ ሲነሣ አንዱ ፖሊስ ነጠላዋን አጣጥፎ ሊመልስላት መጣ። አልተቀበለችም።

«ይሂድበት» አለች። «ቃሉን ጠብቆልኝ ኖሯል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስረግመው!» ፊቷን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ወደ ዘነቡ ቀና አለች። «እናት አለችው?»

«አሉት። ፉሪ ነው የሚኖሩት። አሁን ልናረዳቸው ነው።»

«እንግዲያው እኔን ውሰዱኝ። እኔን ያረዳኝ ፖሊስ ነበር፤ በሩ ላይ እንደቆመ ነግሮኝ ሄደ።»

ዘነቡ የመኪናውን የፊት በር ከፍታ አስገባቻት፤ ራሷ ከኋላ ተቀመጠች።