ከቡሬ የተነሳው ሳንቲም

«ሳንቲሙ ነው የወሰደው። ሳንቲሙ ጠቁሮ አደረ፣ ሰውዬውንም ይዞት ሄደ።»

በዚያ እሁድ ይህን ወሬ ያልሰማ የፍኖተ ሰላም ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው። የእህል ነጋዴው እጅጉ ለጋሪ ነጂው አወራ፣ ለባጃጅ ነጂው አወራ፣ አስከሬኑን ልታይ ለመጣችው ለኢንስፔክተር ሠርክአዲስም ደገመው።

«ይህን ሲያወሩ ስንተኛዎ ነው?» አለችው።

«እውነት ቢደጋገም ምን ይሆናል፣ እህቴ?»

«ይደክማል» አለችና ገባች።

ሟቹ ዘሩ ይባላል፤ የቡሬ አስተማሪ፣ የእጅጉ አበልጅ። በእጅጉ የእህል ክፍል፣ ሸራ ከለበሰው የበቆሎ ጆንያ አጠገብ፣ አልጋ ላይ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከራስጌው ምስማር ላይ ቁጥር የተቀረጸበት የመዳብ ሳንቲም ተንጠልጥሏል፤ እንደ ምድጃ ድንጋይ ጠቁሯል።

«በሩን ማን ከፈተው?»

«እኔ። ጠዋት ሳንኳኳ ዝም ሲል ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ባለበት ከፈትኩ።»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ዘሩን የገደለው የነቀዝ ክኒን መርዝ መሆኑን ተናገረ። እጅጉም ወሬውን ወዲያው አስተካከለ፤ ሳንቲሙ አእምሮውን አስቶ ክኒን አስዋጠው አለ። ያን ክኒን ስንቱ በገዛ እጁ እንደዋጠው አገሩ ስለሚያውቅ ማንም አልጠየቀም።

የዘሩ ሚስት እማዋይሽ ከነፍስ አባታቸው ከቄስ ወልደ ሥላሴ ጋር ከቡሬ ደረሰች። አላለቀሰችም። ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠች።

«በገዛ እጁ ከሆነ ፍትሐት የለውም፣ ልጄ» አሉ ቄሱ።

«ዓርብ ያናዘዙት እርስዎ ነዎት፣ አባ። ይህን የሚያደርግ ይመስል ነበር?»

«አይመስልም። በመምሰል ግን ሰው አልቀብርም።»

«እስከ ነገ ማታ ይታገሱኝ» አለች ሠርክአዲስ።

ከዘሩ ጋር በአንድ አውቶቡስ የመጣው ባልደረባው ጌታሁን ነበር። ተኳርፈው እንደተለያዩ ሰው ሁሉ አይቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በሳንቲሙ። ፈጠም ወንዝ ዳር፣ ድንጋይ ሥር፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አገኘው። የፈረንጆች ጨዋታ ነው፤ አንዱ ይደብቃል፣ ያገኘው ደግሞ ወደፊት ያሻግራል። ‹መንገደኛ ነኝ፤ ወደሚቀጥለው ቦታ አድርሱኝ› ይላል ጽሑፉ። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ቢያስገቡ የዞረበትን አገር ሁሉ ያሳያል ይላሉ። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ከተበላሸ ቆየ። እሱ እዚህ አበልጁ ዘንድ አድሮ ደምበጫ ላለ ወዳጁ ሊያቀብል ተነሳ። ለእኔ ተወው ስለው ‹አደራ ነው› አለኝ። የብረት አደራ ብዬ ሳቅሁበት።»

«ቅዳሜ ስትለያዩ ምን ይመስል ነበር?»

«ዘሩ?»

«ሳንቲሙ።»

«እንደ አዲስ ድስት ያበራል። መንገዱን ሙሉ በጋቢው ጫፍ ሲወለውለው ነበር።»

ሠርክአዲስ ወደ እህሉ ክፍል ተመለሰች። ሸራውን ስትገልጥ ነቀዙ ሁሉ ሞቶ ረግፏል። በሁለት ጆንያ መካከል ቁንጥር የምታህል ግራጫ ዱቄት አገኘች። ከአምፖሉ በላይ የተላጠው የመብራት ሽቦም ጠቁሯል።

«ክኒን ያደርጋሉ?» አለችው እጅጉን።

«ምን በወጣኝ! አባቴ እህሉን በአመድ ነበር የሚያስቀምጠው፤ እኔም በአመድ ነኝ።»

ሰኞን በእግሯ ዋለች። ማስረጃ ትፈልጋለች ያለ ተሳስቷል፤ ወሬ ነበር የምትከተለው። ጋሪ ነጂውን «ማን ነገረህ?» አለችው፤ ወፍጮ ቤት ላካት። ወፍጮ ቤት ያለችው ወደ ጎረቤቷ፣ ጎረቤቷም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር። በሩ ላይ ጧፍ የምትሸጠው ወለተ ሥላሴ ነበረች። ከእሷ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም በእጅጉ ግቢ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙን ጠይቄያለሁ» አለች። «ጨጓራው ውስጥ ክኒን የለም። ሐኪም ባይናገር እንኳ ሳንቲሙ ይናገራል። ቅዳሜ ያበራል፣ እሁድ ጠቁሯል። ሳንቲም ክኒን አይውጥም። ያጠቆረው አየሩ ነው። አባቴ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ክኒን በተደረገ ቁጥር የመብራቱ ሽቦ እንዲሁ ይጠቁር ነበር። ዘሩ አልዋጠም፤ ተንፍሶ ነው የሞተው።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

«ክኒኑን ማን አደረገው?» አለ ጌታሁን።

«በታኅሣሥ ብርድ ጋቢውን እስከ አገጩ የሳበ ሰው መስኮት ከፍቶ አይተኛም። ከሞተ በኋላ ሽታው እንዲወጣ የከፈተው ሌላ ነው። ወለተ ሥላሴ፣ ሳንቲሙ ጠቆረ የሚለውን መቼ ሰማሽ?»

«ገና ሲነጋ ነዋ! ቅዳሴ ሳይገባ፣ ጧፌን ሳልዘረጋ።»

«ከማን?»

«ከጋሽ እጅጉ።»

«በሩ የተከፈተው ሦስት ሰዓት ላይ ነው አሉኝ። በተዘጋ በር ሳንቲም ሲጠቁር እንዴት አዩ፣ አቶ እጅጉ?»

እጅጉ አልካደም። ከዚያ ሁሉ ወሬ በኋላ ድምፁ ቀጥኖ ወጣ።

«የከበረ እንግዳ እህል አጠገብ ማስተኛት የቤታችን ወግ ነው፤ አባቴ እዚያ ነበር የሚያስተኛ። ክኒኑን ዓርብ አደረግሁ። ሸራ አልብሼዋለሁ፣ አይወጣም አልኩ። እንደ አመዱ መስሎኝ... ሲነጋ ብገባ ቀዝቅዟል። የክኒኑን ዱቄት ጠርጌ መስኮቱን ከፈትኩ።»

«ፍትሐቱንስ?» አለች እማዋይሽ። «የእኔን ሰው ፍትሐት ልታስከለክለው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ቄሱ ዞረች።

«ይፈታል፣ ልጄ» አሉ።

ዘሩ ማክሰኞ ቡሬ ተቀበረ። እጅጉ ወደ ማረፊያ ቤት ሲሄድ ስለ ሳንቲሙ አንድም ቃል አልተናገረም።

ሳንቲሙ ከመዝገቡ ጋር ታስሮ ቀረ። በሳምንቱ ሠርክአዲስ ፋይሉን ለመዝጋት ኢንተርኔት ቤት ገብታ ቁጥሩን አስገባች። ገጹ በዝግታ ተከፈተ። ካርታ ላይ ብዙ አገር ያቋረጠ ቀይ መስመር ፈጠም ወንዝ ዳር ቆሟል። ከሥሩ ባለቤቱ የጻፈው አለ፦ ጉዞውን ካርታ ላይ የምትከታተለው ልጄ ነበረች፤ ከእንግዲህ የሚከታተለው የለም፤ ያገኘው ሰው ወደ ሌላ ቦታ አያድርሰው፣ ለራሱ ያስቀረው።

የተጻፈበት ቀን ዘሩ ከቡሬ ከመነሳቱ ሁለት ወር በፊት ነበር።