ቀይ በቅሎና ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዘፈን

ጋሽ ገሰሰ ከቆጡ መሰላል ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። ሽበታቸው ደም ለብሷል፤ ዐይናቸው ጣራውን እንዳየ ቀርቷል። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ታንጉት ስትደርስ ሳጅን ሞገስ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«ወድቀው ነው፣ ኢንስፔክተር። ሽማግሌና መሰላል ከተገናኙ ሌላ ወንጀለኛ ምን ያደርጋል?»

ታንጉት ግራ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። ስለዚህ ጉልበት ደብረ ታቦር ላይ የማይወራ የለም። ዝናብን ከሦስት ቀን በፊት ያውቃል፤ የእብናት ነጋዴዎች እህል ከማስጣታቸው በፊት ሰው ልከው ያስጠይቁታል ይባላል። ውሸት ነው። የሚያስጠይቁት ይፋጎች ናቸው። ለራሷ ግን ጉልበቷ የሚነግራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሬሳ ፊት መንበርከክ እንደ ሰለቸው።

«መዳፋቸውን እይ» አለች።

«ንጹሕ ነው።»

«መሰላሉንስ?»

ሞገስ አንዱን እርከን በጣቱ ጠረገው። ጣቱ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። የዓመታት ጥላሸት ከታች እስከ ላይ አልተነካም፤ መካከሉ ላይ ብቻ ግራና ቀኝ ሁለት የተጠረገ ቦታ አለ። ታንጉት ዐይኗን ወደ ግድግዳው ወሰደች። እዚያ የቆመው የወፍጮ ድንጋይ አቧራ ለብሷል፤ አንዱ ጠርዙ ግን ታጥቧል። የሟቹን ስልክ ከኮት ኪሳቸው አውጥታ አየችው። ባትሪው ሃያ ሁለት ይላል። ኔትወርክ የለም፤ ከእሑድ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። መብራቱ ደግሞ ከቅዳሜ ጀምሮ።

ሬሳውን ያገኙት ጎረቤታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው፤ በአካባቢው ሙሾ ማውረድ የሚያውቁ፣ ድንጋይ የሚያስለቅሱ ሴት።

«ያቺን ስልክ አደራ» አሏት። «ነፍሱ እሷ ውስጥ ናት።»

«እንዴት?»

«ሠላሳ ዓመት የግብርና ሠራተኛ ሆኖ ጉና ተራራን በእግሩ ሲዞር ያዛውንቱን ዘፈን፣ ያሮጊቱን ሙሾ በካሴት ቀድቷል። በእግሩ ነው! በቅሎ ይፈራ ነበር። አንዲቷ ጉና ላይ ወርውራው ይፋግ ገበያ መሐል ነው ያረፈው።»

«አይተዋል?»

«ያየ ነግሮኛል። ካሴቱ ሁሉ በሻጋታ አለቀ። የተረፈውን የእኅቱ ልጅ ሠናይት እስልኩ ውስጥ አስገባችለት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዘፈን።»

ቀትር ላይ ሠናይት ከምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ እያለቀሰች መጣች። የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት። መብራቱም ኔትወርኩም በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ለዘመድ አዝማድ እንድትደውል ሞገስ የአጎቷን ስልክ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ሰጣት። ሁለተኛውን ሰው እያናገረች ሳለ አጠገቧ ከፍታ ባስቀመጠችው ላፕቶፗ ላይ ዐይኗ ወደቀ፤ ጮኸችም።

የዘፈኖቹ ዝርዝር እያጠረ ነበር። ሦስት መቶ። ሁለት መቶ ዐሥር። ዘጠና። ጋሽ ገሰሰ ዘፈናቸውን የሚያስቀምጡበት የሙዚቃ አፕ ስልኩንም ላፕቶፑንም ባሕር ማዶ ካለ ቋት ጋር ያገናኛል፤ አንዱ ጋ የተሰረዘ ከሁሉም ጋ ይሰረዛል። ሠናይት የላፕቶፑን ክዳን በጥፊ ዘጋችው። ስትከፍተው ዜሮ ይላል።

የፖሊስ አዛዡ ችኩል ሰው ነበር። ታንጉት ሽማግሌው ወድቀው እንዳልሞቱ ስትነግረው ገዳይ ለማግኘት አልዘገየም። የአፑ መዝገብ «ማክሰኞ፣ ቀትር፣ ከገሰሰ ስልክ ተሰረዘ» ይላል። ስልኩ በዚያ ሰዓት በማን እጅ ነበር? በሠናይት። ቤቱን የሚወርሰው ማነው? ሠናይት። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀውስ?

«እሰሯት» አለ። «ፋይሉ ዓርብ ከሰዓት ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«መሰላሉ...» አለች ታንጉት።

«መሰላሉ አይከሰስም።»

ሠናይት በእስር ክፍሉ አግዳሚ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች።

«እኔ አልሰረዝሁም። ስልኩ ኔትወርክ ሳይኖረው የተሰረዘ ነገር ስልኩ ውስጥ ተይዞ ይቆያል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ትእዛዙን ይልካል። ብነግራቸው ሳቁብኝ።»

«እኔ ለመሳቅም ደክሞኛል» አለች ታንጉት። «ባትሪው እንዴት ነበር?»

«አርጅቷል። ጠዋት ቢሞላ ማታ ሞቶ ነው የሚያገኙት። መብራት ሲጠፋ ስልክ ጠጋኙ ደረጄ ሱቅ በጄኔሬተር ያስሞሉታል።»

ታንጉት ወጥታ ሞገስን ጠራችው። «ስልክህን አምጣ። ያ አፕ አለህ?»

«አለኝ። የሠርጌ ዘፈን ሁሉ እሱ ላይ ነው።»

ኔትወርኩን ዘጋችበት፤ አንዱን ዘፈን ሰረዘች። የሞገስ አፕ በተከፈተበት የቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ዘፈኑ እንዳለ ነው። ሻይ አዝዛ ጠጣች። ከሻይ በኋላ ኔትወርኩን ከፈተችው። ዘፈኑ ከኮምፒዩተሩ ላይ ብን ብሎ ጠፋ፤ መዝገቡም የተሰረዘበትን ሳይሆን ኔትወርክ የተከፈተበትን ሰዓት ጻፈ።

«ኢንስፔክተር! ሙሽሪት ስትገባ የተዘፈነው'ኮ ነው!»

«ሙሽሪትህ ቤትህ አለች፤ አመስግን። ደብዳቤ ሰኞ ተጽፎ አውቶቡሱ ማክሰኞ ቢነሣ ጸሐፊው ማክሰኞ ጻፈ ይባላል?»

«አይባልም» አለ ሞገስ፣ ኀዘኑ ሳይወጣለት።

በማግሥቱ ጠዋት ዘፋኙን ይርጋን አገኘችው። ጸጉሩ በቅባት የሚያበራ፣ የራሱን ፎቶ ሸሚዙ ላይ ያሳተመ ሰው ነው። ባለፈው ወር አንድ የቆየ ዘፈን የራሱ አድርጎ በመዝፈኑ ጋሽ ገሰሰ ገበያ መሐል «ዘፈኑ የባለቤቷን ስም ይፈልጋል፣ አንተ ሌባ» ብለውት፣ እሱም «ጥርስዎን አረግፈዋለሁ» ብሎ ዝቷል።

«ሰኞ ማታ የት ነበርህ?»

«እብናት፣ ሠርግ ላይ። ስምንት መቶ ሰው ፊት።»

«የሚመሰክርልህ?»

«በየትኛው ዐይኑ ያያል? ሁሉም ሰክሮ ነበር።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እውነቱን ልንገርዎ። ያንን ዘፈን እናቴ ስታንጎራጉረው ሰምቼ ነው የዘፈንሁት። የጋሽ ገሰሰን ስልክ ነክቼው አላውቅም፤ ጥርሳቸውንም አልነካሁ።»

የደረጄ ሞባይል ቤት ገበያው ጫፍ ላይ ነው። ስልክ ይጠግናል፣ ቻርጅ ያደርጋል፣ ከኮምፒዩተሩ ዘፈን ይጭናል። ከጉና የሚወርድ ገበሬ ስልኩን ሳያሳየው አይመለስም። ሰው ሁሉ ለስላሳነቱን ይወድለታል።

«የጋሽ ገሰሰ ስልክ እርስዎ እንዳሉት እዚህ ነበር» አለ፣ ዐይኑን ከሚበየደው ስልክ ሳያነሣ። «እሑድ ማታ ሰጡኝ፣ ሰኞ በማለዳ ወሰዱ።»

«ከፍተኸዋል?»

«ኧረ! የሰው ስልክ የሰው ጓዳ ነው። እኔ ገመድ እሰካለሁ፣ ገመድ እነቅላለሁ።»

«ዘፈናቸውን ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አንድም ቀን። ለማንም አያሰሙም ነበር ይባላል።»

ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሆነ። ሠናይት በሁለት ሴት ፖሊሶች መካከል ቆማ አለቀሰች። ለቀስተኛው ክብ ሠራ፤ እትዬ ዘነበች አወረዱ፣ ሌላው ተቀበለ። ሰው እየተቀባበለ ሳለ ደረጄ ክቡ ውስጥ ገባ። ያ ለስላሳ ሰው ደረቱን እየደቃ፣ ድምፁ እየተሰበረ እንዲህ አለ፦

«ቀይ በቅሎህ ተጭና ደጅህ ላይ ቆማለች፤
ጉናን አሻቅባ መንገዱን ታያለች።»

ለቀስተኛው አብሮት ተንሰቀሰቀ። ታንጉት ግን እትዬ ዘነበችን አየች። እንባቸው መሐል መንገድ ላይ ቆሟል።

«ምን ሆኑ?» አለቻቸው ቀስ ብላ።

«የምን በቅሎ ነው?» አሉ ሴትዮዋ። «ሙሾ በሟቹ ልክ ነው የሚቆረጠው። ለገሰሰ በበቅሎ የሚያለቅስለት ማነው?»

ዓርብ ሠልስት ነው። ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ታንጉት አራቱን ብቻ ከእሷና ከሞገስ ጋር አስቀረች፤ ሠናይትን፣ እትዬ ዘነበችን፣ ይርጋን፣ ደረጄን። ሌላው ሰው ውጭ ቆሞ ጆሮውን ሸራው ላይ ለጠፈ። ታንጉት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቆሞ ማስረዳቱን ጉልበቷ እምቢ ብሏል።

«ጋሽ ገሰሰ መሰላል አልወጡም» ብላ ጀመረች። «መሰላሉ ጥላሸት ነው፣ መዳፋቸው ንጹሕ። የተነካው መካከሉ ላይ ብቻ ነው። ሞገስ፣ መሰላል መካከሉን የሚይዘው ማነው?»

«የሚሸከመው፣ ኢንስፔክተር።»

«ጭንቅላታቸውን የመታቸው የወፍጮው ጠርዝ ነው፤ ለዚህ ነው እሱ ብቻ የታጠበው። መሰላሉን ተሸክሞ ያስጠጋው ሌላ ሰው ነው።»

ይርጋ ተነሣ። «እኔን እያዩ ነው የሚያወሩት!»

«ቁጭ በል። የማይህ ሸሚዝህ ላይ ሁለት ስለሆንህ ነው።»

ከሸራው ውጭ ሰው ሳቀ።

«ሁለተኛ፣ ዘፈኖቹ። ማክሰኞ ቀትር የጠፉት ያን ጊዜ ስለ ተሰረዙ አይደለም። ትእዛዙ ስልኩ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠብቅ ቆይቷል። ሞገስ በሠርግ ዘፈኑ መሥክሯል። ስለዚህ የሰረዛቸው ከማክሰኞ በፊት፣ ኔትወርክ በጠፋበት ጊዜ ስልኩን የያዘ ሰው ነው። ሠናይት አልነበረችም።»

ሠናይት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሦስተኛ፣ ባትሪው። ጠዋት ከሞላ ማታ ይሞታል። መብራት አልነበረም። ሰኞ በማለዳ ከሱቅ ቢወጣ ማክሰኞ ጠዋት ድንጋይ ነበር። እኔ ሳገኘው ግን ሃያ ሁለት ይላል። ስልኩ ከሱቅ የወጣው ሰኞ ማታ ነው። ደረጄ፣ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ተሳስቼ ይሆናል...» አለ ደረጄ። «ቀኑ ተምታቶብኝ። ስልክ መቼ ወጣ ብሎ ሰው ይገድላል?»

«አይገድልም። ዘፈኑን አንድም ቀን አልሰማሁም ያልኸኝ ግን አልተምታታብህም። እትዬ ዘነበች፣ ከቀብሩ በኋላ የነገሩኝን ስልክ ያውጡ።»

እትዬ ዘነበች ከመቀነታቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ፈቱ፤ ጀርባው በላስቲክ ታስሯል።

«ዓምና ገሰሰ አንዷን በሚሞሪ ሰጥቶኛል። ለማንም እንዳላሰማ አስምሎኛል። አሁን እሱ የለም፤ መሐላውን እሱ ይፍታኝ።»

ቁልፉን ተጫኑ። መጀመሪያ የጋሽ ገሰሰ ድምፅ ወጣ፤ ጎርናና፣ ያልቸኮለ፦ «ጉና፣ ጥቅምት። አልቃሽዋ እቴነሽ ናት። የምታለቅሰው ለባሏ ነው።» ከዚያ ነፋስ፣ ቀጥሎም የአንዲት ሴት ቀጭን ድምፅ፦

«ቀይ በቅሎህ ተጭና ደጅህ ላይ ቆማለች...»

ከውጭ አሁን የሳቀ የለም።

«በቅሎዋ የእቴነሽ ባል በቅሎ ናት» አለች ታንጉት። «እቴነሽ ከሞተች ቆይቷል። ሙሾዋ የሚገኘው በዚህ ባለ ቁልፍ ስልክ፣ በጋሽ ገሰሰ ስልክና በሠናይት ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር። በቅሎ ለሚፈራ ሰው በበቅሎ አለቀስህ፣ ደረጄ። ያለቀስኸው ግን ከልብህ ነው። ያንን አልጠራጠርም።»

ደረጄ እጁን ጭኖቹ መሐል ከተተ። ሲናገር ሰው የሚያናግር አይመስልም ነበር።

«ገበሬው ይመጣል። 'የእናታችን ዘመን ዘፈን የለህም ወይ?' ይለኛል። የለኝም። እሳቸውን ለመንሁ፣ 'የባለቤቷን ስም ለማይጠራ ሰው አልሰጥም' አሉ። ሰኞ ቻርጅ ላይ ሳለ ከኮምፒዩተሬ ጋር አገናኘሁት። መገልበጥ ጀመረ። መሐል ላይ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ በእንግሊዝኛ ነው። እሺ አልሁት። ሁልጊዜ እሺ ነው የምለው! በእሱ እሺታ ስልኩ ባዶ ሆነ። ማታ ይዤላቸው ሄድሁ። ልነግራቸው ነበር። ከፍተው አዩ፤ አነቁኝ። 'አሮጊቶቼን ገደልህ' አሉኝ። ላስለቅቃቸው ነው የገፋሁ... ወፍጮውን አላየሁትም።»

«ሠናይት ስትታሰርስ አላየሃትም?» አለች ታንጉት። ድምፅዋ አልጨመረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው።

ደረጄ አንገቱን ደፋ፤ ታንጉት ቀጠለች።

«የተገለበጠው የት አለ? አንድ ጊዜ ብቻ የሰማ ሰው ቃል በቃል አያወርድም። ሌሊቱን ስትሰማው ነው ያደርኸው።»

የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ከቁልፉ ጋር ፍላሽ ታስሯል። «አምሳ ሰባት ነው የወጣው። ላቃጥለው እሳት ላይ ሁለት ጊዜ ያዝሁት። ድምፃቸው አለበት፤ እንዴት አቃጥለው?»

ሠናይት ፍላሹን ተቀብላ ጨበጠችው። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት አምሳ ሰባት። አላመሰገነችው፣ አልረገመችውም። ሞገስ ደረጄን በክንዱ ይዞ ሲያወጣው ውጭ የቆመው ሰው መንገድ ለቀቀ፤ ግማሹ ስልኩን እሱ ዘንድ የሚያስሞላ ነበር።

«ነፃ ነሽ» አለቻት ታንጉት ለሠናይት። «አዛዡን እኔ እነግረዋለሁ። መሰላሉ ምስክር ሆነ እለዋለሁ።»

ይርጋ ሸሚዙ ላይ ያለውን ፎቶ በጋቢው ሸፍኖ ወደ ሠናይት ጠጋ አለ። «ያ የኔ ዘፈን... ፍላሹ ላይ ካለ፣ ባለቤቷ ማን እንደ ሆነች ትነግሪኛለሽ?»

ለቀስተኛው ተመልሶ ገባ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አደገደጉ፤ አሁን በልኩ ሊያለቅሱለት ነው፤ በእግሩ ለዞረው፣ በቅሎ ለፈራው። ታንጉት ልትሄድ ተነሥታ ነበር። ጉልበቷ ቤትሽ ግቢ እያላት መልሳ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ስልክዎ ይቀዳል?»

«ይቀዳል። ይቺን ቁልፍ ነው።»

«የእርስዎን ነው የምፈልገው። የኔን ሞገስ ይነካብኛል።»

ቁልፉን ተጫነች፤ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ለሠላሳ ዓመት ቃል ስትቀበል በኖረችበት በዚያው ደካማ ድምፅ ተናገረች፦

«ዓርብ፣ ደብረ ታቦር። አልቃሽዋ ዘነበች ናት። የምታለቅሰው ለገሰሰ ነው።»

ከዚያ ስልኩን ወደ እሳቸው ዘረጋች።