የአባቴ የጎን አጥንት

«አንተ ክፉ! እንካ! እንካ! እንካ!»

ይህን ሁሉ የምለው ለጆንያ ነው። ገለባ ጠቅጥቄበት፣ ጓዳ መሬት ላይ አጋድሜው፣ ተንበርክኬ በሁለት እጄ ደረቱን እደቁሰዋለሁ። ጆንያ ደረት የለውም እንዳትሉኝ፤ የእኔ ነበረው። ስምም ነበረው። አብኔር።

አባቴ አቶ ኤርጎ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። አባቴን ጂንካ ሁሉ ያውቀዋል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እሱ ከተጠመቀ ቆይቷል፤ ቁጣው ግን ገና አልተጠመቀም።

«ያ ልጅ ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ እሱ ነው!» አልኩት። ምን ላድርግ፣ ተናድጄ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበርኩ። አብኔር ደግሞ ልቡ ቀጥ ያለን ሰው ደረቱን እየገፉ፣ የኤሌክትሪክ ሾክ በሚሰጠው ማሽን ልቡን እየቀሰቀሱ እንዴት እንደሚመልሱት ሊያስተምረን ከሳውላ የመጣ አሠልጣኝ ነው። ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ሲስቅ አንገቱን ይደፋል። ሰው በሚያክለው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ስለማመድ እጁን እጄ ላይ ደርቦ «እዚህ ጋ» አለኝ። ውይ! ልቤ ቀጥ ሊል ምንም አልቀረውም። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ባባራ ቁጥር፣ ኔሪ ወንዝ ዳር አብረን ተንሸራሸርን።

ክረምቱ ሲወጣ አብኔር ያስተማረንን አለመርሳታችንን ሊያይ ፈተነን። ጉድ! የተማርነው ሁሉ በኖ ጠፍቷል። እኔ ራሴ አሻንጉሊቱን እንደ ሕፃን መዳበስ ጀመርኩ።

«እልፍነሽ፣ እጅሽ ይለምናል እንጂ አይገፋም» አለኝ፤ ያውም በሰው ሁሉ ፊት።

«አጥንቱ ቢሰበርስ?»

«ይሰበር! የተሰበረ አጥንት ይጠገናል። የሞተ ሰው አይጠገንም።»

በፈተናው ጣለኝ። በሳምንቱ ከድንገተኛ ክፍል አውጥተው ካርድ ክፍል ወሸቁኝ። አመሻሹ ላይ አብኔር ደጃችን መጣ።

«ተቀየምሽኝ?»

«የለም፣ እልል እያልኩ ነው!»

«እልፌ፣ እወድሻለሁ። ግን ስለምወድሽ ባሳልፍሽ፣ እጅሽ ላይ የሚሞተውን ሰው ምን እለዋለሁ?»

መልስ ሳጣ በር ነው የምዘጋው፤ ዘጋሁበት። በነጋታው ጆንያውን ሞላሁ። ስደበድበው ግማሹ ንዴት ነበር። ግማሹ ናፍቆት ነበር፤ አባቴ ግን ያየው ንዴቱን ብቻ ነው።

ሰንብቼ እኔው ራሴ ደወልኩለት። «ና ፈትነኝ!» አልኩት። «እመጣለሁ። ስመጣ ግን ሽማግሌም ልልክ ነው» አለኝ። ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ። ለአባቴ ከመንገሬ በፊት ወሬው ቀድሞኝ ደረሰው።

አብኔር ክሊኒኩ ግቢ፣ ማንጎው ሥር አሻንጉሊቱን አጋድሞ እየጠበቀኝ ነበር። አባቴ ዱላውን ይዞ በበሩ ገባ። ሰላም እንኳ አላለም።

«ልጄን በሰው ፊት አዋርደህ፣ ጆንያ እስክትደበድብ አንገብግበህ፣ ደግሞ ሽማግሌ?»

የመጀመሪያው ዱላ ግንባሩ ላይ አረፈ። ደሙ አሻንጉሊቱ ላይ ተረጨ። አብኔር እጁን እንኳ አላነሳበትም። «አባባ፣ ይስሙኝ» ሲል ሁለተኛው ትከሻው ላይ ወረደ። ሦስተኛው በጉልበቱ አንበረከከው። አባቴ በአፍ መፍቻው በአሪኛ እየተሳደበ ነበር፤ በአሪኛ ከተሳደበ መላእክትም አይገላግሉትም።

«አባዬ፣ እወደዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ዱላው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ። ዱላው ከእጁ ወደቀ፣ እሱም ተከትሎት ወደቀ። ቃሌ የገደለው መሰለኝ። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ።

አብኔር ደሙ ዓይኑን እየሸፈነው ዳኸና ደረሰበት። ጆሮውን አፉ ላይ ደቀነ። ትንፋሽ የለም። «መሲ፣ ማሽኑን!» ብሎ ለሥራ ባልደረባዬ ጮኸና ደረቱን መግፋት ጀመረ። የአባቴ የጎን አጥንት ቋ ሲል ሰማሁት።

ይህንኑ ድምፅ ሞተሩን ውጭ አቁሞ የገባው ወንድሜ ደምሰውም ሰማ። ያየው ነገር ደም የለበሰ ሰው አባቱ ላይ ወጥቶ ሲደቁሰው ነው። ምን ያስብ?

«አባቴን ገደለው!»

የአባቴን ዱላ አንስቶ በሙሉ ኃይሉ አሳረፈበት። የአብኔር ክንድም ዱላውም አንድ ላይ ተሰበሩ። አብኔር በአንድ እጁ ሊገፋ ሞከረ፤ አልቻለም።

«እልፌ፣ ግፊ!»

ተንበረከክሁ። የመጀመሪያው ግፊቴ ለመነ። አወቅሁት። አባቴ ነዋ! ያዘለኝ፣ ያሳደገኝ ደረት ነዋ! ዓይኔን ጨፈንኩና ጆንያ አደረግሁት።

«አንተ ክፉ! እንካ! እንካ! እንካ!»

ሌላ አጥንት ከእጄ ሥር ተሰበረ። አላቆምኩም። ደምሰው ፀጉሬን ይዞ ጎተተኝ፤ እጁን እስኪደማ ነከስኩትና መግፋቴን ቀጠልኩ። መሲ ሮጣ መጥታ ሾኩን የሚያስተላልፉትን የማሽኑን ፓዶች አባቴ ደረት ላይ ለጠፈች። ማሽኑ በእንግሊዝኛ «ማንም አይንካው» ይላል፤ ደምሰው እንግሊዝኛ አይሰማ፣ የአባቴን እግር አቅፎ ያለቅሳል።

«ልቀቅ! አንተንም ይመታሃል!»

አልለቅም አለ። ደረቱን በእርግጫ መታሁት፤ ወደ ኋላ ተዘረጋ። ቁልፉን ተጫንኩ። የአባቴ ሰውነት ዘሎ ወደቀ። በፈተናው ጊዜ እዚህ ጋ ስደርስ መግፋቱን ትቼ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። አሁን አላየሁም፤ ወዲያው ወደ ደረቱ ተመለስኩ። ገፋሁ፣ ገፋሁ፣ ክንዴ እስኪዝል ገፋሁ። አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ።

«ተይ... አመመኝ» አለ አባቴ።

እንደዚህች ቃል የጣፈጠኝ የለም።

ነፍስ ዘርቶ በደንብ ማውራት ሲጀምር ሆስፒታል ነበርን። ቀጥሎ ካለው አልጋ ላይ አብኔር ግንባሩ ተሰፍቶ፣ ክንዱ በጄሶ ታስሮ ተቀምጧል። ደምሰው የነከስኩትን እጁን አቅፎ መሃላቸው አቀርቅሯል።

«የጎን አጥንቴን የሰበረው ማነው?» አለ አባቴ።

«የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ አብኔር። «የጨረሰችው ግን እሷ ናት። ፈተናውንም አልፋለች።» ይህን ሲል እኔን ነበር የሚያየው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

አባቴ ጣሪያውን እያየ የጎን አጥንቱን ዳበሰ። ሦስታችንም ፈራን።

«እግዚአብሔር እንኳ የአዳምን የጎን አጥንት ሲወስድ አስተኝቶ ነው» አለ በመጨረሻ። «እናንተም አስተኝታችሁኛል፤ እሺ። ግን እዚያ ከአጥንቱ በኋላ ሠርግ ነበረ። የእኔን ሰብራችሁ ሠርግ ሳታበሉኝ ልትቀሩ ነው? ሽማግሌህን ላክ፣ አትፍራ። ዱላዬን እንደሆነ ደምሰው ሰብሮታል።»

በገዛ ቀልዱ ሊስቅ ሲል አጥንቱ ወጋውና ሁላችንንም በአሪኛ ሰደበን።

ተጋባን። ጆንያው አሁንም ጓዳ አለ። እጅ ካልተለማመደ ይረሳል፤ በዚህ አብኔር ልክ ነበር። ስለዚህ ባናደደኝ ቁጥር እገባና እለማመዳለሁ። ተመስገን ነው፣ ቶሎ ቶሎ ያናድደኛል።